ስለ ስም አወጣጥ፤ በቃሊቲ ለተወለደችው ለሁለተኛይቱ ልጅ

ስም ይወጣል ከቤት፤ ይከተላል ጎረቤት የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ባለፈው እሑድ በቃሊቲ ተገልብጦ አየሁት። ስሙ ከባሕር ማዶ መጣ፤ ቤቱም ተሰብስቦ ይቀበለው ወይስ ይመልሰው እንደ ሆነ ሲመክር ዋለ። እኔም ለቤቱ ጎረቤት፣ ለአባትየውም ከልጅነቱ ጀምሮ መካሪ ስለ ሆንሁ ከቅዳሴ በኋላ ለምክሩ ተጠርቼ ነበር። ነገሩም የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን መዝገብ ለሚይዙ ሹማምንትና ጥምቀት ለሚፈጽሙ ካህናት የሚነካ መሆኑን ስላየሁ በዚህ ገጽ ላወጋው ወደድሁ። የቤተ ሰቡን ስም ግን ስለ ክብራቸው አልጠራም።

ለእነዚህ ባልና ሚስት ሁለተኛ ሴት ልጅ ከተወለደችላቸው 60 ቀን ሆነ። ታላቂቱ 4 ዓመቷ ነው፤ ስሟም ከግእዝ የተወሰደ ሆኖ ምሥጢሩ ብርሃን ማለት ነው። የእናትየዋ ታላቅ እኅት የዌልስ ዋና ከተማ በሆነችው በካርዲፍ ከተቀመጠች 14 ዓመት አልፏታል፤ በዚያም አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ታገለግላለች። እናታቸው በሞተች ጊዜ ታናሿን ያሳደገች፣ ያስተማረች፣ የዳረችም እርሷ ናት። እርሷ ግን ልጅ አልወለደችም። ታዲያ ይህች ሴት ለዋለችው ውለታ ዋጋ ጠይቃ የማታውቅ ስትሆን ዘንድሮ አንድ ነገር ለመነች፤ «የሁለተኛይቱን ስም እኔ ላውጣላት» አለች። ስሞቹንም በስልክ ጽፋ ሰደደች፤ አራት ናቸው፤ መጋን፣ ግዌን፣ ኦልዌን፣ ሴሬን። አራቱም የዌልስ ስሞች ናቸው።

ምክንያቷንም ጨምራ ጽፋለች፤ ይኸውም ልጅቱ አድጋ ወደ እርሷ በምትሄድበት ጊዜ ስሟን የሚጠሩ ሰዎች አፋቸው እንዳይሰናከል ነው።

የአባትየው እናት ስሞቹ አንድ ባንድ ሲነበቡ ፈትላቸውን አኑረው በጥሞና ሰሙ። መጋን በተባለ ጊዜ ግን አልታገሡም። «መጋኛን ከቤቴ አርቅልኝ እያልሁ ስጸልይ ኖሬ፣ በእርጅናዬ ደግሞ የልጅ ልጄን መጋን ብዬ ልጥራ?» አሉ። ሁላችን ሳቅን፤ እናትየዋ ግን አልሳቀችም። በእውነቱ መጋን ማለት በዌልሶች ዘንድ ማርጋሬት ከሚለው ስም የተቆላመጠ የተከበረ ስም ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ከዌልስ ከሴቶች ወገን መጀመሪያ ለእንግሊዝ ምክር ቤት የተመረጠችው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሎይድ ጆርጅ ልጅ መጋን ትባል ነበር። ዳሩ ግን በዌልስ የከበረው በቃሊቲ ጆሮ ውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ይገባል፤ ስምም የሚኖረው በሚጠሩት ሰዎች ጆሮ ውስጥ ስለ ሆነ አሮጊቷን የሚነቅፋቸው አልተገኘም።

እርሳቸውም በበኩላቸው ስም አዘጋጅተው ነበር፤ ታከለች አሉ። ይህ ስም ያገራችን ስም ነው፤ ብዙ ደጋግ እናቶችም ተጠርተውበታል። እኔ ግን በዚህ ስፍራ አሳቤን ሳልገልጽ አላልፍም። አንደኛይቱ ብርሃን ተብላ ሁለተኛይቱ ታከለች ብትባል፣ ታላቂቱ በራሷ ስም ስትቆም ታናሺቱ በእኅቷ ላይ የተጨመረች ሆና ትቀራለች። ወንድ ልጅ ሲጠበቅ በሴት ላይ ሴት በተወለደች ጊዜ በየቤቱ የሚሰማውን ትካዜ ሁላችን እናውቀዋለን፤ ያ ትካዜ ስም ሆኖ ዕድሜዋን ሙሉ ሊከተላት አይገባም። ይህንንም በአክብሮት ተናገርሁ፤ አሮጊቷም «እንደሱ ብዬ አይደለም» ብለው ዝም አሉ። እንደሱ ብለው እንዳልሆነ አምናለሁ። ነገር ግን ስም የሚናገረው አውጪው ያሰበውን ብቻ አይደለም።

ሁለተኛይቱ ልጅ ከታላቂቱ ጋር የሚስማማ፣ ሆኖም የራሷ የሆነ ስም ልታገኝ እንደምትችል የቅርቡ ታሪካችን ያስረዳል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ለወለዷቸው ሴቶች ልጆች የወጣውን ስም እንይ፤ አንደኛይቱ ተናኘወርቅ፣ ሁለተኛይቱ ዘነበወርቅ፣ ሦስተኛይቱ ፀሐይ ተባሉ። ወርቁ በአንደኛይቱ ስም ተናኘ፤ በሁለተኛይቱ እንደ ዝናም ወረደ። በሁለቱ ስም ውስጥ አንድ ቃል ስላለ እኅትማማችነታቸው ይታወቃል፤ ሆኖም ሁለተኛይቱ የአንደኛይቱ ጭማሪ አልሆነችም። ልዕልት ዘነበወርቅ በወጣትነታቸው ቢለዩም ስማቸው በሐኪም ቤት ላይ ተሰይሞ፣ ከሐኪም ቤቱም ወደ ሰፈሩ ተላልፎ፣ እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሲሳፈር «ዘነበወርቅ» ብሎ ይጠራዋል።

በራሳችን ሰፈር ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በአርሲ በበቆጂ አጠገብ በዲባባ ቤት ያደጉትን እኅትማማቾች የማያውቅ የለም። እጅጋየሁ የታላቂቱ ስም ነው፤ እጅግ አየሁ የሚለው የወላጅ ቃል ነው፤ ጥሩነሽ ለልጅቱ ለራሷ የሚነገር ምስክርነት ነው፤ የታናሺቱም ስም ገንዘቤ ነው። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ጥሩነሽ በቤጂንግ በ5000ና በ10000 ሜትር ሩጫ ሁለት ወርቅ ካገኘች በኋላ፣ በቻይና መንግሥት እርዳታ በአቃቂ ቃሊቲ የተሠራው ሆስፒታል ጥሩነሽ ቤጂንግ ተባለ። እንግዲህ ለአንዲት የገጠር ሕፃን የተሰጠ ቃል የባዕድ ከተማ ስም አጠገቡ አስቀምጦ በእኛው መንገድ ዳር ቆሟል ማለት ነው። ገንዘቤም በ2007 ዓ.ም. በሞናኮ በ1500 ሜትር የዓለምን ክብረ ወሰን በሰበረች ጊዜ የውጭ አገር ተናጋሪዎች ስሟን እያነሡ እየጣሉ ቢሆንም ጠሩት። አፋቸው እንዳይሰናከል ብሎ ስሟን የለወጠላቸው አልነበረም፤ ስትቀድም ተማሩት።

ስለዚህ የአክስቲቱ የመጀመሪያ ምክንያት፣ ማለት የባዕድ አፍ እንዳይሰናከል የሚለው፣ ደካማ ነው ብዬ ተናገርሁ። ይልቁንም ዌልስን ለዚህ ምክንያት መምረጥ ነገሩን የሚያስቅ ያደርገዋል፤ የዌልስን ታሪክ ጥቂት ላነበበ ሰው በብሪታንያ ደሴት ስማቸውን ለማስጠራት ከዌልሶች የበለጠ የተቸገረ ሕዝብ አይገኝምና።

ዌልስ በዚያች ደሴት በስተምዕራብ ያለች ተራራማ አገር ናት፤ ቋንቋዋም ከእንግሊዝኛ የማይወለድ ጥንታዊ ቋንቋ ነው። የስማቸውም ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ዌልሶች እንደኛ የቤተ ዘመድ ስም አልነበራቸውም፤ ሰው በራሱ ስምና በአባቱ ስም ይጠራ ነበር። ወንድ ሲሆን «አፕ» ይላሉ፤ የእገሌ ልጅ ማለት ነው፤ ሴት ስትሆን «ቬርኽ» ይላሉ፤ የእገሌ ሴት ልጅ ማለት ነው። ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም ጥላ በባሏ ስም አትጠራም ነበር። ይህን ለአሮጊቷ በነገርኋቸው ጊዜ «ታዲያ ሰዎች ናቸዋ» አሉ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1536 የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ አገሪቱን ከእንግሊዝ ጋር በሕግ አዋሐደ፤ የፍርድ ቤቱም ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን፣ እንግሊዝኛ የማያውቅም ሹመት እንዳያገኝ አዘዘ። ከዚያ በኋላ እየዋለ እያደረ የአባት ስም እንደ እንግሊዞች ወደማይለወጥ የቤተ ዘመድ ስም ተለወጠ። አፕ ሪስ የነበረው ፕራይስ ሆነ፤ አፕ ሃወል የነበረው ፓወል ሆነ፤ የዳዊት ልጆች ሁሉ ዴቪስ፣ የዮሐንስ ልጆች ሁሉ ጆንስ ሆነው ቀሩ። ሕጉ ስማቸውን በቀጥታ ባይሽርም፣ መዝገቡን የሚጽፈው ሰው በማያውቀው ቋንቋ የተነገረውን ስም በሚያውቀው ቋንቋ ስለ ጻፈው ነገሩ በብዕር አለቀ። ዛሬ በዌልስ በመንደር ውስጥ ጆንስ የሚባል ሰው ብዙ ስለ ሆነ አንዱን ከአንዱ ለመለየት በሥራው እየጨመሩ መጥራት የተለመደ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የአንዲት ሕፃን ነገር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1282፣ በእኛ አገር ዐፄ ይኩኖ አምላክ በነገሡበት ዘመን ማለት ነው፣ የዌልስ የመጨረሻው ገዥ መስፍን ሌወሊን አንዲት ሴት ልጅ ወለደ፤ ስሟንም ግዌንሊያን አላት። እናቷ በወሊድ ሞተች፤ አባቷም በዚያው ዓመት በጦርነት ተገደለ። የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ አንደኛ ሕፃኗን ማርኮ ሴምፕሪንግሃም ወደሚባል በእንግሊዝ አገር ወዳለ የመነኮሳት ገዳም ሰደዳት፤ አግብታ ወራሽ እንዳትወልድ ነው። በዚያም ከሕፃንነቷ እስከ ሞተችበት እስከ 1337 ድረስ ስለ ኖረች የአባቷን ቋንቋ የሚናገር ሰው በአጠገቧ እንዳልነበረ ይታመናል። በስሟ መካከል ያለው ፊደል በዌልስኛ ምላስ ከላንቃ ተጣብቆ ትንፋሽ በጎን እየወጣ የሚነገር ድምፅ ነው፤ እንግሊዞች ይህ ድምፅ የላቸውም፤ እኛም የለንም። ጸሐፊዎቹም ዌንሲልያን፣ ዌንትልያን እያሉ ጻፉት። የመስፍን ልጅ ሆና አገሯን ባጣችበት ላይ ስሟንም በትክክል የሚጠራላት ሳታገኝ 54 ዓመት ኖራ ሞተች። በመዝገብ ቤት የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይህችን ሴት ቢያስባት ክፉ አይደለም።

መምሬ፣ የቤቱ የንስሐ አባት፣ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ቃል የጉባኤውን አሳብ ሁሉ አቀና። ኤልሳቤጥ ልጇን ዮሐንስ ባለች ጊዜ ዘመዶቿ ከወገንሽ በዚህ ስም የተጠራ የለም ብለው እንደ ተቃወሟት፣ ዘካርያስም አንደበቱ ተዘግቶ ስለ ነበር ሰሌዳ ለምኖ ስሙን እንደ ጻፈ አስታወሱን። «ከወገን ያልተሰማ ስም ስለ ሆነ ብቻ አይነቀፍም፤ የሚመረመረው ምን ይላል ተብሎ ነው» አሉ። ቀጥለውም ካህኑ የሚያወጣው ስም ይህ እንዳልሆነ፣ እርሱ በራሱ ቀን እንደሚመጣ ነገሩን።

በዚህ ነገር አንዳንድ ወጣቶች ስለሚሳሳቱ ጥቂት ልቆይበት። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ ይህም በኦሪት ዘሌዋውያን ስለ ወላድ የመንጻት ወራት ከተጻፈው ጋር፣ በመጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40 ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ቀን የሚሰጠው የክርስትና ስም ለቅዳሴና ለቍርባን፣ በመጨረሻም ለፍትሐት የሚጠራበት ስም ነው። የዓለሙ ስም ከዚህ የተለየ ሆኖ ኖሯል። እቴጌ ምንትዋብ ምን ትዋብ ተብለው በውበታቸው ሲጠሩ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል፣ ንግሥት ዘውዲቱም አስካለ ማርያም ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ይባሉ እንደ ነበር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ስም መያዙ በእኛ አገር ጥንት የነበረ ነገር ስለ ሆነ፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ስም የሚቀመጥበት ስፍራ አያጣም፤ የማንንም ስፍራ ካልነጠቀ።

ደግሞም ስማችን ሁሉ ከዚሁ ከአገራችን አፈር የበቀለ ነው የሚል ቢኖር ፊደላችን ራሱ ይመሰክርበታል። ጰና ፐ የሚባሉት ፊደላት የገቡልን በአብዛኛው ከጽርእ ለመጡ ቃላትና ስሞች ነው፤ ጴጥሮስን፣ ጳውሎስን፣ ጰራቅሊጦስን ለመጻፍ። አባቶቻችን እንግዳው ስም እንዳይቆራረጥ ብለው አዲስ ፊደል አበጁለት እንጂ ስሙን ለፊደላቸው አልቆረጡትም። ቴዎድሮስ፣ ጊዮርጊስ፣ እሌኒ፣ ሁሉም በዚህ በር የገቡ ናቸው። ዛሬ በየቤቱ የምንሰማቸው ሜሮንና ፌቨንም እንዲሁ ናቸው፤ ፌቨን የተባለችው በሮሜ መልእክት በምዕራፍ 16 የተጠቀሰችው የፌቤን ስም ናት። ቃሊቲ ውስጥ ከጎረቤቶቻችን ከኦሮሞዎች ጋር ስንኖር ደግሞ ጫልቱን ከእነርሱ ተቀብለን ለልጆቻችን አውጥተናል፤ የበለጠች ማለት እንደ ሆነም እናውቃለን።

ስም ወደ እኛ መምጣት ብቻ ሳይሆን ከእኛም ወደ ሌላው ሄዷል። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት አገራችንን በወረረ ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ በለንደን አቋቁማ 20 ዓመት ያህል አሳተመች፤ በ1948 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥታ በመስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በዚሁ ዐረፈች። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ስትቀበር ካህናቱ ሲልቪያ በሚለው ሳይሆን ወለተ ክርስቶስ በሚል ስም አሰናበቷት። ልጇን ሪቻርድን በወለደች ጊዜ ኪር የሚል ስም የጨመረችለት ከዌልስ ሕዝብ ተመርጦ በእንግሊዝ ምክር ቤት የተቀመጠውን የድኾች ጠበቃ ኪር ሃርዲን ለማሰብ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስትም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆኖ ሲያገለግል የራሱን ልጅ አሉላ ብሎ ጠራው፤ የራስ አሉላ ስም ነው። ሴት ልጁን ደግሞ ሄለን ሲልቪያ አላት። በአንድ ቤት ውስጥ በሦስት ትውልድ የሆነው ይህ ነው፤ ከእነዚህ ስሞች ውስጥ ለጆሮ ስላማረ ብቻ የተመረጠ የለም፤ እያንዳንዱ የሚያስበው ሰው አለው።

አሁን ወደ መዝገቡ ልምጣ፤ በዚህ ነገር ቍስሉ የራሴ ነውና። እኔም ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ስሜ በ«ቀ» ይጀምራል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይህ ድምፅ በፈረንጆች ዘንድ ስለሌለ አንዱ ጸሐፊ ኬ በሚባለው፣ ሌላው ኪው በሚባለው ፊደል ይጽፈዋል፤ የሰፈራችንም ስም እንዲሁ ነው፤ ከአንዱ ታፔላ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ቃሊቲ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይታያል። የታላቂቱ ልጄ የልደት ወረቀት በኬ ተጻፈ፤ የታናሺቱ ከ6 ዓመት በኋላ በኪው ተጻፈ። ሁለቱንም ስቀበል አንብቤያለሁ፤ አማርኛው ትክክል ስለ ነበረ ሌላውን አላስተዋልሁም። ታላቂቱ በውጭ አገር ልታገባ በተነሣች ጊዜ ታናሿ ሚዜዋ ልትሆን የመግቢያ ፈቃድ ጠየቀች። ወረቀቱን የመረመረው ሰው የሁለቱ አባት አንድ መሆኑን አስረጂ አለ። አስረጂ ፍለጋ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ስንመላለስ 5 ወር አለፈ፤ ሠርጉ ግን አልጠበቀንም። ታላቂቱ ለሠርጓ በተነሣችው ሥዕል ላይ በግራዋ በኩል የቆመችው የጓደኛዋ እኅት ናት። ያን ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ባየሁት ቍጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደዚያ ጎን ነው። ጸሐፊዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሁለቱም የሰሙትን ጻፉ፤ አንዱ ሌላው የጻፈውን ስላላየ ብቻ ልጆቼ በወረቀት ላይ የተለያዩ ሰዎች ልጆች ሆኑ።

በአዋጅ ቍጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሩ ሁሉ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ ኖሯል። በዚህም አዋጅ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ታዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ስም የሚባለውን በአገራችን ሊተክል አስቦ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ስለዚህ በእኛ አገር ሁለት እኅትማማቾችን በወረቀት ላይ የሚያስተሳስራቸው የአባትና የአያት ስም ብቻ ነው፤ እርሱም በአንድ ፊደል ከተለየ ሌላ ገመድ የለም። የሁለተኛውን ልጅ ልደት የሚመዘግብ ሹም የአንደኛውን ወረቀት አምጡ ብሎ ቢጠይቅና የአባቱን ስም ከዚያ ላይ ቢገለብጥ የሚፈጀው ጊዜ እንጀራ ከምጣድ እስኪወጣ ያህል አይሆንም። ካህናቱም ሊረዱ ይችላሉ። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ እስከ ሕጉ ቀን 10 ቀን ይቀራል፤ በክርስትናው ዕለት አባትና እናት፣ የክርስትናም እናት በአንድ ስፍራ ስለሚገኙ «ታላቂቱ እንዴት ተጽፋለች?» የሚል አንድ ጥያቄ ከካህን አፍ ቢሰማ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይሠራል።

ይህን ሁሉ ስናወራ ቀኑ መሸ። መምሬ የሚመረመረው ምን ይላል ተብሎ ነው ባሉት መሠረት የእያንዳንዱን ስም ፍች ለመጠየቅ ለአክስቲቱ ተደወለ። ግዌን ነጭ፣ ብሩክ ማለት ነው አለች። ኦልዌን ማለት የዱካዋ ነጭ ማለት ነው፤ በዌልሶች የጥንት ተረት ያቺ ልጅ በረገጠችበት ሁሉ ነጭ ማገጥ ይበቅል ነበር፤ ሎይድ ጆርጅም ታላቂቱን ልጁን ማየር፣ ማለት በዌልስኛ ማርያም፣ ብሎ ሁለተኛይቱን ኦልዌን ብሏት ነበር። ይህ ለእኔ አማረኝ፤ ለአሮጊቷም ማገጡ አማራቸው፤ «ስሙ ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል» አሉ።

«ሴሬንስ?» አለች እናትየዋ።

አክስቲቱ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያም መጀመሪያ በሄደችበት ዓመት በክረምቱ ሌሊት ተረኛ ሆና አንዲት ዕድሜዋ ከ90 ያለፈ አሮጊት ትጠብቅ እንደ ነበር ተናገረች። አሮጊቷ ከእርጅናዋ የተነሣ እንግሊዝኛው ጠፍቶባት የልጅነቷ ቋንቋ ብቻ ቀርቷት ነበር። ሁለቱ አይግባቡም። አንድ ሌሊት በመስኮቱ ወደ ሰማይ እያመለከተች ሴሬን፣ ሴሬን አለቻት፤ ኮከብ ማለቷ ነበር። ይህችም በአማርኛ ኮከብ ብላ መለሰችላት። አሮጊቷ ኮከብ የሚለውን ቃል ተማረች፤ እስክትሞት ድረስ ሌሊት ሌሊት በዚያ ቃል ትጠራት ነበር። «በዚያ አገር ሰው ስም አውጥቶልኝ የጠራኝ ያኔ ነው» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። አሮጊቷ ፈትላቸውን አንሥተው «እንግዲያስ ኮከቤ ናት፤ ብርሃንና ኮከብ መች ይጣላሉ» አሉ። የምክሩ ነገር በዚሁ አለቀ። የባዕድ አፍ እንዳይሰናከል የሚለውን ምክንያት ዳግመኛ ያነሣው የለም።

እኔ በመዝገቡ ላይ ኮከብ ተብሎ ይጻፍ፣ ሴሬን በቤት ይሁን ብዬ ነበር፤ የአማርኛው ቃል ለሰሚው ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይናገራልና፤ አሁንም አሳቤ ይኸው ነው። እናትየዋ ግን አልተቀበለችም። «ኮከብማ እማማ በየቀኑ ይሏታል፤ አይጠፋም። የእኅቴ ቃል ካልተጻፈ ግን ይጠፋል» አለች። መልስ አላገኘሁላትም። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ የተወለደችው በ19 ቀን ስለ ሆነ ወለተ ገብርኤል እንደምትባል መምሬ አስታወቁ።

አባትየው ብዕርና ወረቀት አምጥቶ ስሟን በፊደላችን በጉልህ ጻፈ፤ ሴ፣ ሬ፣ ን፤ ሁለቱ ፊደላት ኃምስ መሆናቸውን አክስቲቱን እየጠየቀ። ከበታቹ በላቲን ፊደል ጻፈው። ከዚያም የታላቂቱን የልደት ምስክር ወረቀት ከሣጥን አውጥቶ የራሱንና የአባቱን ስም በላቲን እንደ ተጻፈው አንድ ባንድ እያየ ገለበጠ፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ ከጎኑ ሆኜ አመሳከርሁለት። ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አጥፎ ወደ ሣጥኑ መለሳቸው። ለክርስትናው 20 ቀን፣ ለመዝገቡ 30 ቀን ቀርቷል።